«ያሉትን ይጻፉልኝ» ያለችኝ ልጅ

በ2016 ዓ.ም. በበልግ ወቅት የሆነ ነው። ያን ዓመት ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተት ሊገዙ የሚመጡ ደንበኞቼ ጃንጥላቸውን ደጃፌ ላይ እያራገፉ ሲገቡ አሁንም ይታየኛል። ነገሩ ሲጀመር ትልቅ አልነበረም። ከማላውቃት ልጅ የመጣ የአንድ መስመር ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን አልፌ ጠያቂዋን ከቴሌግራም ግሩፓችን ላስወጣት ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ነበር። ባስወጣት ኖሮ ምን ይቀርብኝ እንደነበር ሳስብ ዛሬም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ብዙ ማውራት አልችልበትም። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አዲስ ከተማ በሚባለው የሐዋሳ ሰፈር ትንሽ ወተት ቤት አለችኝ። ከፊት ለፊት ወተትና እርጎ እሸጣለሁ፤ ከጀርባ እንኖራለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ሶስና። ሶስና ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉልን። ይዘናት ስንወጣ ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ቤት ከገባን በኋላ አንድ ቀን የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ከጀርባዋ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ዞር አላለችም።

እንዲህ ነው ያወቅነው።

ከዚያ በኋላ የነበሯት ጥቂት ቃላት እየጠፉ ሄዱ። «እማ» የምትለዋ ብቻ ቀረች። የምትፈልገውን ነገር እጄን እየጎተተች ታሳየኛለች። ካልገባኝ ትጮኻለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ጥቂት ቀን ሞክሯት «እኛ አንችላትም» ብሎ መለሰልኝ።

እኔ ጸሎት ያዝኩ። በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት አለን፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በየቤታችን በተራ እንሰበሰባለን። ሶስና ከታመመች ወዲህ ግን ተራው እኔ ቤት ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። እህቶች እየመጡ እጃቸውን ይጭኑባታል። ጆሮዋ እንዲከፈት ጾመው፣ አልቅሰው ይጸልዩላታል። መሪያችን እትዬ ብርቱካን ናቸው። በዕድሜ ታላቃችን ናቸው፤ ድምፃቸውም ከሁላችን ይበልጣል። እሳቸው ሲጸልዩ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ይቆማል ብለን እንቀልዳለን።

ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እሱም እንደ እኔ ቃል አያበዛም። አንድ ቀን መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ከተማችን ውስጥ እንዳለ ሰምቶ መጣ።

«በምልክት ያስተምራሉ» አለኝ። «ክረምት ላይ ይመዘግባሉ።»

እኔ አልፈለግሁም። እጇን ማስተማር ጆሮዋን ተስፋ መቁረጥ መስሎ ታየኝ። እየጸለይኩ «ካልሆነም ግድ የለም» እንደማለት።

«ትሰማለች» አልኩት።

«አሜን» አለ። «እስከዚያስ?»

ጀሪካኖቼን ማጠብ ጀመርኩ። እሱም አልጨቀጨቀኝም። ልጄ ግን በሁለታችን ዝምታ መሃል ተቀምጣ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የጠዋት መልእክት መላክ የጀመርኩት። ኅብረታችን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለው። ከመካከላችን ተረኛ የሆነችው ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ አጭር ሐሳብ ትልካለች። ተራዬ ሲደርስ ፈራሁ። ስብከት አላውቅም። ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍም ይከብደኛል፤ ፊደሉን ፈልጌ እስካገኘው ሐሳቡ ይጠፋኛል። ስለዚህ የጠዋቱን ወተት ሸጬ ስጨርስ ማይኩን ተጭኜ ያየሁትን ተናገርኩ። ጃንጥላውን ለማያውቃት እናት ሰጥቶ በዝናብ ስለሮጠ አንድ ተማሪ ነበር። ከኋላዬ ጀሪካን ሲንኳኳ፣ ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ይሰማል። በአሜን ጨረስኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ እትዬ ብርቱካን ደወሉ።

«ዛሬ ለምን አልላክሽም?»

«ተራዬ አለቀ እኮ።»

«ማነው አለቀ ያለሽ? እኔ አንድ ሰዓት ስናገር የሚያንቀላፉት ያንቺን ሁለት ደቂቃ ደጋግመው ይሰሙታል። ቀጥዪ!»

ቀጠልኩ። ሰው ለሰው እያስተላለፈው የማናውቃቸው ሰዎችም ግሩፑ ውስጥ ገቡ። አንዳንዱ ይመርቃል፣ አንዳንዱ ጥያቄ ይጠይቃል። እኔ ለሁሉም «ጌታ ይባርካችሁ» እላለሁ። እሱን መጻፍ ለምጄዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከመልእክቴ ሥር ይህች ጽሑፍ መጣች፦ «እባክዎ፣ ያሉትን ይጻፉልኝ።»

ስሟ ነጃት ይላል። በፎቶዋ ቦታ ቢጫ አበባ አለ። ምን እንደምመልስ ስላላወቅሁ አለፍኩት። በማግስቱ ደግሞ፣ «ዛሬም ያሉትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል» አለች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። እኔ በድምፅ እልካለሁ፤ እሷ «ይጻፉልኝ» ትላለች።

እህቶች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷ፣ «ድምፁ ተለቆ የለ እንዴ፣ ታዳምጠው!» አለች። ሌላዋ፣ «ጸሐፊ ቅጠሪላት» ብላ የሳቅ ምልክት ደረደረች። ማታውን እትዬ ብርቱካን ደወሉልኝ።

«ይቺን ነጃት የምትባለውን አየሻት?»

«አየኋት።»

«ምን እንደምትፈልግ ገብቶሻል?»

«እንድጽፍላት።»

«አንቺ የዋህ! በአፍ የተባለ ይረሳል፤ የተጻፈ ይያዛል። ስክሪንሾት አድርገው ሌላ ቦታ ይለጥፉታል። ከዚያ ‹ኑ፣ የጴንጤዎቹን ጉድ እዩ› ነው፤ ስድብ ነው፤ ክርክር ነው። የእህቴ ልጅ ላይ ደርሶባታል።»

«ግን እኮ ‹እባክዎ› ትላለች። ጨዋ ናት።»

«ይበልጥ ያስጠረጠረኝ እሱ ነው! ዛሬ ስልክ ላይ ማን ሰውን እርስዎ ይላል?»

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አስወጫት» አሉኝ። «አድሚን ያደረግንሽ ለምን ይመስልሻል?»

በእሳቸው አልፈርድም። በዚያን ሰሞን ስልክ ላይ ሰው በሃይማኖት ሲሰዳደብ እናይ ነበር። ብዙው ጥያቄ ለማወቅ ሳይሆን ለማጥመድ ነበር።

በማግስቱ መልእክቴን ላክሁ። ጥያቄዋ ወዲያው ተከትሎ መጣ። ስሟን ተጫንኩ። «አስወጣ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ጣቴን አንስቼ ቆም አልኩ። የዚያን ቀን የተናገርኩት ስለ አባ ኮዳ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ላይ ስለሚቆመው ትልቁ ወፍ። ስለ ወፍ የተናገርኩትን ይዛ ምን ልትከራከረኝ ነው?

ሳላስወጣት ለብቻዋ ጻፍኩላት። «እህቴ፣ በጽሑፍ የፈለግሽው ለምንድን ነው? ድምፁ አይሰማም?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ድምፁ ጥሩ ነው ይላሉ። የማልሰማው እኔ ነኝ። መስማት የተሳነኝ ነኝ።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ደንበኛ ገብቶ «ግማሽ ሊትር» ብሎኛል፤ ሁለተኛ ሲለኝ ነው ቀና ያልኩት። ሶስና እግሬ ሥር ተቀምጣ የጀሪካን ክዳን ታሽከረክራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለማይሰማ ጆሮ የጸለይኩ እናት ነኝ። «ይጻፉልኝ» የሚል ሰው የማይሰማ ሊሆን እንደሚችል ግን አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

ደንበኛውን ሸኝቼ ተቀመጥኩና ጻፍኩላት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። «ትናንት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ሄጄ ነበር። አባ ኮዳ ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። አይጮህም። ድርሻው ሲወረወርለት ይበላል። እኔ ስጠብቅ አጉረመርማለሁ። ጌታ ሆይ፣ ዝም ብሎ መጠበቅን አስተምረኝ። አሜን።»

ነጃት እንዲህ ብላ መለሰች፦ «በጣም አመሰግናለሁ። አባ ኮዳ ለምን እንደማይጮህ ያውቃሉ? እንደ ሌሎቹ ወፎች ድምፅ ማውጫ የለውም ይባላል። ምንቃሩን እያጋጨ ነው የሚናገረው። ዝም ያለ የሚመስለው ቋንቋውን ለማያውቅ ነው።»

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሶስናን አየኋት። ክዳኑን አቁማ እኔን ታየኛለች። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ።

ግሩፑን እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አገሯ ደሴ ነው። ዶርም ውስጥ አብራት የምትተኛ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አለች። «ጓደኛዬ ጠዋት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች» ብላ ጻፈችልኝ። «ከዚያ ፊቷ ይለወጣል። አንዳንዴ ትስቃለች፤ አንዳንዴ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ምን እንደተባለ ስጠይቃት ‹በኋላ እነግርሻለሁ› ትለኛለች። ሰው ሁሉ ለእኔ ‹በኋላ› ይላል። በኋላ የሚባለው ሰዓት ግን አይመጣም። ስለዚህ ራስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

እኔም የሶስናን ነገር ነገርኳት።

«በምልክት ታወራለች?» አለችኝ።

«አታወራም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ታወራለች?»

ባለቤቴ «እስከዚያስ?» ሲለኝ የተሰማኝ ነገር እንደገና ተሰማኝ።

ጥቂት ቆይታ፣ «መጥቼ ባያት ቅር ይልዎታል? ሙስሊም ነኝ» ብላ ጻፈች።

«ለምን ቅር ይለኛል? ደግሞ አንቺ በይኝ። እርጎ ትወጃለሽ?»

ቅዳሜ መጣች። ቀጭን ናት፤ ሰማያዊ ሒጃብ አድርጋለች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። በስልኳ እየጻፈች ታሳየኛለች፤ እኔም በእኔው እመልሳለሁ። ሶስና እንግዳ አትወድም። ጀሪካኖቹ መሃል ገብታ ተደበቀች።

ነጃት አልጠራቻትም፤ አልተከተለቻትምም። ተቀምጣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ጀሪካኖቹ የተደገፉት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ንዝረቱ ሶስና ዘንድ ደረሰ። አንገቷን ብቅ አደረገች። ነጃት ወደ ወተቱ ጠቆመችና ላም እንደሚያልብ ሰው ጡጫዋን ጨበጥ ፈታ፣ ጨበጥ ፈታ አደረገች። ሶስና አየቻት። ነጃት ደገመችላት። ሶስና ትንሿን ጡጫዋን አንስታ ጨበጠች፤ ፈታች።

ከዚያ ልጄ ወጣች። ኩባያውን ጠቆመች፤ ነጃት ምልክቱን አሳየቻት። ዝናቡን ጠቆመች። በሩን ጠቆመች። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን አምፖል፣ ድመቷን፣ የእኔን ነጠላ ጠቆመች። አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትሮጣለች። ዘወትር የምትጮኸው ልጅ ያን ቀን ከሰዓት አንድ ጊዜም አልጮኸችም። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ፈልጋ ኖሯል። የሚጠየቅ ሰው ነበር ያጣችው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሶስናም የወተቱን ምልክት አሳየችው። ግሪስ ባልለቀቀው እጁ መልሶ አሳያት። ስለ ትምህርት ቤቱ ግን ምንም አላለኝም። እኔም ገና ልቤ አልቆረጠም ነበር። እህቶች የሚጾሙት ለጆሮዋ ነው። እጇን ላስተምር ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ?

ረቡዕ ደረሰ። እህቶች መጡ። እንደተለመደው መጋረጃውን ጋርደን ጓዳ ገባን። ሶስናን መሃል አቆምናት። እጃችንን ጫንን፤ ዓይናችንን ጨፈንን፤ ጸሎቱ ሞቀ። እትዬ ብርቱካን «ተከፈት! ተከፈት!» እያሉ በእንባ ይጮኻሉ።

ነጃት የዚያን ቀን ትምህርት ስላልነበራት ለሶስና የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጥታለች። የሚሰማ ሰው ቢሆን ጸሎቱን ሰምቶ ውጭ ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን ሱቁ ውስጥ ሰው ስታጣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

እኔ ዓይኔን የገለጥኩት ሶስና ከእጄ ሥር ስታመልጥ ነው። በእህቶች ክንድ ሥር ሾልካ ሮጠችና የነጃትን ቀሚስ ያዘች። የጸሎቱ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። እትዬ ብርቱካን ብቻ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ እጃቸውን ባዶ አየር ላይ እንደጫኑ ቀጠሉ። አንዷ እህት ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«ምነው?» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጅቷስ?»

ልጅቷ ነጃት ፊት ቆማ እጇን ታንቀሳቅሳለች። ያን ሁሉ ምልክት ገና አልተማረችም፤ በራሷ መንገድ ነው። ወደ እኛ ጠቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች፤ ግንባሯን አኮማተረች፤ አፏን በሰፊው ከፈተች፤ እጇን የራሷ አናት ላይ ጭና ነቀነቀችው። ከዚያ ፊቷን ፈታ ወደ ደረቷ ጠቆመች። ትከሻዋን ከፍ አድርጋ መዳፎቿን ዘረጋች። ዓይኖቿ ጥያቄ ሞልቷቸዋል።

ነጃት እኔን አየችኝ፤ እህቶችን አየች። ስልኳን አውጥታ ጻፈች። ካበቃች በኋላ ስልኩን ለመስጠት ያመነታች መሰለኝ። ተቀብያት ለሁሉም እንዲሰማ አነበብኩት።

«የምትጠይቀኝ እንዲህ ይመስለኛል፦ ‹እነዚህ ሴቶች ለምን ይቆጡኛል? ምን አጠፋሁ?›»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይመታል።

እትዬ ብርቱካን ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «እኔ?» አሉ። «እኔ ተቆጥቻት? አንድ ቀን ክፉ ፊት አሳይቻት አላውቅም እኮ።»

እኔ ግን ገባኝ። ልጄ በየሳምንቱ ያየችው ፊታችንን ነው። የተጨፈነ ዓይን፣ የተኮማተረ ግንባር፣ የተከፈተ አፍ፣ አናቷን የያዘ እጅ። ቃላችንን አልሰማችም። የፍቅር ቃል መሆኑን ማን ይንገራት?

እትዬ ብርቱካን እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ነጃት ዞሩ። «ልጄ፣ ‹አልተቆጣንሽም› እንዴት ነው የሚባለው?» አሉ። ነጃት አየቻቸው። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አልተቆጣንሽም! እንዴት ነው የሚባለው?»

«እትዬ፣ ቢጮኹም አትሰማም» አልኳቸው።

«ውይ!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከመሃላችን አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ነጃትም በፊታቸው ገብቷት ኖሮ ሳቀች።

ጥያቄያቸውን ጻፍኩላት። «‹አልተቆጣንሽም› ከምትሏት ‹እንወድሻለን› በሏት» ብላ መለሰች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ሰው እንደምታቅፍ ሆና አሳየችን። ከዚያ ወደ ሶስና ጠቆመች።

እህቶች በሙሉ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ወደ ሶስና ጠቆሙ። ዓይናቸው ተገልጧል። ሶስና አንዷን አይታ ወደ ሌላዋ ትዞራለች። እትዬ ብርቱካን መንበርከክ ቢያስቸግራቸውም ተንበረከኩና ፊት ለፊቷ አደረጉት። ልማዳቸው አልለቅ ብሏቸው በአፋቸውም «እንወድሻለን! እንወድሻለን!» ይላሉ፤ ያው በዚያ ድምፃቸው። ሶስና ቀረብ ብላ መዳፏን ደረታቸው ላይ አደረገች። ያ ድምፅ ደረታቸውን ሲያንቀጠቅጠው በእጇ ተሰማት። ደንግጣ እጇን አነሳች፤ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

እትዬ ብርቱካን አቅፈዋት ቆዩ። ሲነሱ ባለቤቴ ሰምቶት ስለመጣው ትምህርት ቤት ነገርኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «ዝናብ እየለመንን ማሳ እናርስ የለም እንዴ? ጆሮዋን ለጌታ ትተን እጇን ለትምህርት ቤት እንስጥ። አባቷ ልክ ነው።» ከዚያ ወደ ነጃት በአገጫቸው አመልክተው፣ «አስወጫት ያልኩሽ እኔ ነኝ በያት፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ።

ጻፍኩላት። ነጃት ሳቀችና፣ «ችግር የለም፤ ተመልሼ እገባ ነበር» ብላ መለሰች። ሲነበብላቸው «ወይ ጉድ፣ ይቺስ የእኛው ቢጤ ናት!» አሉ።

ክረምት ላይ ሶስናን አስመዘገብናት። አሁን በእጇ ከእኔ ይበልጥ ታወራለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች። ጆሮዋ አልተከፈተም። እኔም መጸለዬን አልተውኩም፤ እናት አይደለሁ? ግን እየጸለይኩ እኖራለሁ እንጂ እስኪመለስልኝ ኑሮዬን አላቆምም። ነጃት ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገብታለች። ከሶስና ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሁለት ሰዎች ሲስቁ አያለሁ። የጠዋት መልእክቴን ዛሬም እልካለሁ። በድምፅ እናገራለሁ፤ ቀጥሎ እጽፈዋለሁ። መጻፉም ፈጥኖልኛል። እትዬ ብርቱካን ደግሞ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ምን ልርዳዎ?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ እርስዎ እያሉ።

ያ ጊዜ ሲታወሰኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን የረቡዕን ማግስት ነው።

ዘወትር ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ብቻዬን ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ። ሶስና አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ከአልጋዋ አወረድኳትና ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ነጃት ማታ ከመሄዷ በፊት ያስተማረችኝ ጥቂት ምልክቶች ነበሩኝ። ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁ፤ እግዚአብሔር ማለት ነው። እጄን ከአገጬ አንስቼ ወደ ፊት ዘረጋሁ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ወደ ሶስና ጠቆምኩ። ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣመርኩ።

ከዚያ ምልክት አለቀብኝ። ሶስና ትጠብቀኛለች። ምን ልጨምር ብዬ ሳስብ ትንሿን እጇን አነሳች። ጣቷን ወደ ላይ ጠቆመች። ከአገጯ ወደ ፊት ዘረጋች። ከዚያ ጡጫዋን ጨበጥ ፈታ፣ ጨበጥ ፈታ አደረገች።

ስለ ወተቱም አመሰገንን። አሜን በእጅ እንዴት እንደሚባል ገና አልተማርንም ነበር። ስለዚህ ተነስተን አብረን በሩን ከፈትን።